የአባት ዜማ ለጨቅላ ሕፃን፦ በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ትስስር ለማጠናከር

ልጅን በዜማ ማባበል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ «እሹሩሩ» ማለት በአብዛኛው ለእናት፣ ለአያትና ለታላቅ እህት የተተወ ተግባር ሆኖ ይታያል። በጤና ተቋማትም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ በአንድ ክፍል፣ ያለጊዜው የተወለደው ጨቅላ በሌላ ክፍል ተኝተው ሳለ፣ አባት መድኃኒት ገዝቶና ሂሳብ ከፍሎ ብዙ ጊዜ ከበር ውጭ ይቆማል። በእነዚያ ቀናት ለልጁ ሊደርስለት የሚችለው የቅርብ ዘመድ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ አባት በድምፁ ከልጁ ጋር የሚተዋወቅበትን መንገድና የጤና ባለሙያውን ድርሻ ያብራራል።

የአባት ድምፅ ከወሊድ በፊትና በኋላ

የፅንስ የመስማት አካል በ24ኛው ሳምንት ገደማ ሥራውን የሚጀምር ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ፅንሱ ለድምፅ ምላሽ ይሰጣል። የእናት ድምፅ በራሷ ሰውነት ውስጥ አልፎ ስለሚደርሰው ከሌሎች ድምፆች ጎልቶ ይሰማዋል። ዴካስፐርና ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ አስበልጠው እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ዴካስፐርና ፕሬስኮት በ1984 የአባትን ድምፅ ሲመረምሩ ግን ውጤቱ የተለየ ሆነ። ሕፃናቱ አንዱን የወንድ ድምፅ ከሌላው መለየት ቢችሉም፣ የአባታቸውን ድምፅ አስበልጠው አልመረጡም። ከዚህ እንደሚታየው እናት በእርግዝና ወራት ያገኘችውን ትውውቅ አባት ከወሊድ በኋላ በመደጋገም ሊገነባው ይገባል።

ዜማ ለምን ተመረጠ?

ገና ምላሽ ለማይሰጥ ጨቅላ ምን ብሎ እንደሚያወራ የሚቸገር አባት ጥቂት አይደለም። ዜማ ግን ዝግ ያለ፣ ተደጋጋሚና ምቱ አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ለአባትም ለልጅም ይቀላል። ኮርቤይ፣ ትሬሀብና ፔሬትዝ በካናዳ ባደረጉት ጥናት ሕፃናት በማያውቁት ቋንቋ፣ በቱርክኛ፣ ዘፈን ሲሰሙ ሳይነጫነጩ የቆዩት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ነበር። ንግግር ሲሰሙ ግን ይህ ጊዜ ወደ 4 ደቂቃ ገደማ ወርዷል። ሕፃኑን የሚያረጋጋው የግጥሙ ትርጉም አለመሆኑን ይህ ያመለክታል።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱትም ቢሆን ማስረጃ አለ። ሎዊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ 11 ሆስፒታሎች በሚገኙ 272 ጨቅላዎች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ወላጆች የመረጡት ዜማ በአጠገባቸው ሲዜም በልብ ምትና በመጥባት ላይ በጎ ለውጥ እንደሚታይ፣ የወላጆችም ጭንቀት እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ሆኖም ውጤቱ ሊጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በአምስት አገሮች 213 ቤተሰቦችን ያካተተ ጥናት፣ በሙዚቃ ሕክምና ምክንያት በእናትና በልጅ ትስስር ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የተለካው የእናቶች ትስስር ስለነበር ስለ አባቶች ከዚህ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም። የዜማ ጠቀሜታ በዋናነት አባትን ያለ ወጪ ወደ ልጁ ማቅረቡና ከእንክብካቤው ጋር ማስተዋወቁ ነው።

ለጤና ባለሙያዎች ተግባራዊ ምክር

1. በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት አባት ከተገኘ፣ አንድ የሚወደውን አጭር ዜማ መርጦ ከወሊድ በኋላ በየቀኑ እንዲደጋግመው ይመከር። የድምፅ ማማር አያስፈልግም።

2. የሕፃኑ ሁኔታ ሲረጋጋ፣ እናት በማትችልበት ጊዜ አባት ገላ ለገላ በማቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ እንዲሰጥ ይጋበዝ። በዚያው ቅጽበት በለሆሳስ ማዜም ይችላል፤ ሕፃኑም ከድምፁ ጋር የደረቱን ንዝረት ያገኛል።

3. ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ያለው ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ስለሆነም ሞባይል ወይም ቴፕ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም።

4. ሕፃኑ ፊቱን ቢያዞር፣ ግንባሩን ቢቋጥር፣ ጣቶቹን ቢዘረጋ፣ ስቅታ ቢይዘው ወይም የኦክስጅን መጠኑ ቢቀንስ ማዜሙ ይቁም። አባትም እነዚህን ምልክቶች ራሱ እንዲለይ ይማር።

5. ለድምፅ ምላሽ የማይሰጥ ሕፃን፣ በተለይም ጄንታማይሲን የወሰደ ከሆነ፣ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ይላክ።

6. ከልጁ የሚርቅ አባት ግድ የለሽ ነው ተብሎ አይደምደም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጥናቶች ትንተና ከ10 አባቶች አንዱ ያህል ከወሊድ በፊት ወይም በኋላ ድባቴ እንደሚያጋጥመው አሳይቷል። ስለዚህ ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ለዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያም ሆነ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አባት እጁን ታጥቦ ወደ ልጁ እንዲቀርብ መፍቀድ፣ ወንበር መስጠትና ማዜም እንደማያሳፍር መንገር ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ አባት ይዞት የሚሄደው አንድ ዜማ በቤት ውስጥ ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ የሚጠቀምበት የራሱ ድርሻ ይሆናል።