የአፍላ ወጣት ልጃገረዶችን የደም ማነስ በትምህርት ቤት የጤና ትምህርት መከላከል

የደም ማነስ ያለባት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወደ ጤና ድርጅት አትመጣም። በሽታው ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ሰውነቷ ይለምደዋል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ በክፍል ውስጥ ማንቀላፋት፣ የራስ ምታትና ትምህርት አለመከታተል በመምህራን ዘንድ እንደ ስንፍና፣ በቤተሰብ ዘንድ ደግሞ እንደ ዕድሜዋ ጠባይ ይቆጠራሉ። አፈር መብላት የጀመረች ልጅ እንኳ ትገሠጻለች እንጂ ደሟ አይመረመርም። በመሆኑም ልጃገረዶችን በብዛት ማግኘት የሚቻልበት ቦታ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ጥያቄው እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ምን ይዘት ይኑረው የሚለው ነው።

በዚህ ዕድሜ የብረት ፍላጎት የሚጨምረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሰውነት ፈጣን ዕድገት ሲሆን፣ ሁለተኛው የወር አበባ ነው። በአንድ የወር አበባ ጊዜ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ስላለ፣ ልጅቷ በየወሩ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም የሚሆን ብረት ታጣለች ማለት ነው። ይህ መጠን ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከእህልና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው ከመቶ 10 እንኳ ላይሞላ እንደሚችል ሲታሰብ ጉድለቱን በምግብ ብቻ መተካት ቀላል አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት በብረት የበለጸጉ ምግቦችን በመዘርዘር ያበቃል፤ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል እየተባለ ይጻፋል፣ ተማሪዎቹም ይገለብጣሉ። በቤቷ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚቀርብላት፣ ያም ቢሆን ከአባትና ከወንድሞች የተረፈው ለሚደርሳት ልጅ ይህ ዝርዝር ፋይዳው አነስተኛ ነው። ጿሚ ቤተሰብ ከሆነም ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ዓመቱ በአብዛኛው ጾም ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ማተኮር ያለበት ልጅቷ ራሷ ልትለውጠው በምትችለው ነገር ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ጤፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጤፍ ብዙ ብረት እንዳለው በሰፊው ይታወቃል፤ እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ደም አያንሰውም የሚለው አባባልም ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ውስጥ ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ሲሆን፣ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ብረቱን አስሮ በአንጀት እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ በሚገባ ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል። ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የብረቱን መመጠጥ ያሻሽላል። ቫይታሚን ሲ በማብሰል ስለሚጠፋ ቃሪያው ጥሬ መሆን አለበት። ይህ ምክር ጾምን አይነካም፤ ከኪስም ብዙ አያስወጣም።

ቡናና ሻይ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። ሁለቱም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት በእጅጉ ይይዛሉ። ቡና ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣ እንኳ ጉዳቱ ከምግቡ ጋር ከተጠጣው እንደማያንስ፣ ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ጉዳት እንደማያደርስ በጥናት ታይቷል። ቡና አትጠጡ ብሎ ማስተማር በአገራችን ሰሚ አያገኝም፤ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ይዘግይ ማለት ግን ይቻላል። ቡና የምታፈላው አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ ራሷ መሆኗም ለዚህ ይረዳል።

የደም ማነስ ሁሉ በብረት እጥረት የሚመጣ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወባ፣ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል፣ ቢልሃርዝያ፣ የፎሊክ አሲድ እጥረት እያንዳንዳቸው እንደየአካባቢው ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የደም ማነስ በ2005 እ.ኤ.አ. ከመቶ 27፣ በ2011 ከመቶ 17፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 24 ነበር። በ2016 በአዲስ አበባ ከመቶ 16 ሲሆን በሶማሌ ክልል ከመቶ 60 ገደማ ደርሷል። ለደብረ ብርሃን የተዘጋጀ ትምህርት ለጅግጅጋ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከፍታም ውጤትን ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶች ያስቀመጠው የሄሞግሎቢን ወሰን በዴሲ ሊትር 12 ግራም ነው። ድርጅቱ በ2024 ባወጣው መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ለሚኖሩ 1.8 ግራም እንዲቀነስ ይመክራል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን 13 ግራም የተገኘባት ተማሪ ከተስተካከለ በኋላ 11.2 ግራም አላት፤ ደህና ነሽ ተብላ የተመለሰችው ልጅ የደም ማነስ አለባት ማለት ነው።

ትምህርት ብቻውን ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ችግሩ ከመቶ 20 እና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ እንክብል እንዲሰጥ ይመክራል። ወባ ባለበት አካባቢ ከወባ መከላከልና ሕክምና ጋር ተያይዞ መሰጠት አለበት። ይሁን እንጂ እንክብል ማደል በራሱ መፍትሔ አይደለም። በህንድ ሳምንታዊ እንክብል በትምህርት ቤቶች በሰፊው ሲሰጥ ቆይቶ ሳለ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ዘንድ የደም ማነስ በ2015–16 እ.ኤ.አ. ከመቶ 54 የነበረው በ2019–21 ከመቶ 59 ሆኖ ተገኝቷል። የደም አወሳሰዱ ዘዴ በቁጥሩ ላይ ክርክር ማስነሣቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም የታደለው ሁሉ ተውጧል ብሎ የሚከራከር የለም።

እንክብሉ የሚጣለው በአብዛኛው በሚታወቁ ምክንያቶች ነው። ሰገራ ይጠቁራል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል። አንዲት ተማሪ ስታስመልስ ያዩት ጓደኞቿ በሚቀጥለው ሳምንት ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። መድኃኒቱ መውለድ ይከለክላል የሚል ወሬ ከተነሣ ደግሞ ወላጆችም ይቃወማሉ። ስለዚህ ባለሙያው የመጀመሪያው እንክብል ከመሰጠቱ በፊት ስለ ጥቁሩ ሰገራ መናገር፣ እናቶችን ሰብስቦ እንክብሉን ማሳየት፣ የሚዋጥበትንም ሰዓት ከምሳ በኋላ ማድረግ ይኖርበታል። የትምህርቱ ውጤት በፈተና ነጥብ ሳይሆን በመምህሩ ፊት በተዋጠው እንክብል ብዛት ቢለካ ይሻላል።

ስለ ወር አበባ በግልጽ መነጋገርም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ለዚህ ሴት መምህርት ወይም ነርስ ትመረጣለች። ደሙ ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓት መቀየር የሚያስገድድ ወይም የረጋ ደም የሚበዛበት ከሆነ ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ፤ የደም አለመርጋት ችግር የሚታወቀው አንዳንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በምርመራ የደም ማነስ የተረጋገጠባት ተማሪ ሳምንታዊው እንክብል አይበቃትም፤ ሄሞግሎቢኗ እስኪስተካከል በየቀኑ 120 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ይሰጣታል። በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ አንድ ግራም ካልጨመረ በቅድሚያ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዷ ይጠየቅ፣ ቀጥሎም ሰገራዋ ይመርመር፤ ሄሞግሎቢኗ ከ8 ግራም በታች የሆነች ተማሪ ግን ወር ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ትላክ።