ሚሊ ሰከንድ የሚቆጥሩ ሶፍትዌሮች

«ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ቃሉን ትቶ ቀለሙን እንዲናገር የታዘዘ ሰው መልሱን ባይስተውም ይዘገያል። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ሙከራ ዛሬም በየሥነ ልቦና ክፍሉ ይሠራበታል። መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በታች በመሆኑ ግን በእጅ ሰዓት አይያዝም።

የአእምሮን ፍጥነት መለካት ለኔዘርላንድ የቆየ ሙያ ነው። ሐኪሙ ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ በ1860ዎቹ በዩትሬክት ሰዎች ለአንድ ምልክት ወዲያው ምላሽ ሲሰጡና ከብዙ ምልክቶች መርጠው ሲመልሱ የሚወስድባቸውን ጊዜ እያነጻጸረ፣ ልዩነቱን የመምረጫ ጊዜ አድርጎ ያሰላ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራው ቀለለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ከሙከራ መሥሪያ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ኢ-ፕራይም ፈቃዱ የሚሸጥ፣ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነው። ሳይክቱልቦክስ ራሱ ነጻ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ማትላብ ይከፈልበታል። ሳይኮፓይ ከኖቲንግሃም በነጻ መጣ።

በአምስተርዳም ፍሬይ ዩኒቨርሲቲ ሴባስቲያን ማቶት፣ ዳንኤል ስኽሬይና ያን ቴውስ በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ ኦፕንሰሳሚን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ። ስሙ የተወሰደው ከአሊ ባባ ተረት ነው፤ በአማርኛ «ሰሊጥ ሆይ፣ ተከፈት!» እንደማለት ነው። ዋሻው ግን እዚህ ክፍያ አይጠይቅም፤ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ተመራማሪው ምስሉን፣ ቃሉን፣ የቁልፉን ምላሽና መዝገቡን በማውዝ እየጎተተ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ ዙሩ እንዲደጋገም ያዛል። ይህ ካልበቃው በፓይተን ይጽፋል። እኔ ትልቁ ውለታው ይህ ይመስለኛል፤ ኮድ የማያውቅ ተማሪ ሙከራውን ራሱ ይሠራዋል፣ እያደገ ሲሄድም መሣሪያውን መለወጥ አይኖርበትም።

ጊዜውን በትክክል መያዝ ግን ቀላል አይደለም። ተራ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ አንድ ምስል ከ16.7 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ቆይታ ሊኖረው አይችልም፤ የቁልፍ ሰሌዳውም የራሱን መዘግየት ይጨምርበታል። ስለዚህ ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ የብርሃን መለኪያ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ፣ ፕሮግራሙ «አሁን አሳየሁ» ያለበትን ቅጽበት ያረጋግጣል። በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ የኦፕንሰሳሚ አካል የሆነው ኦኤስዌብ ሙከራውን በአሳሽ ውስጥ ያስኬዳል። ሰው ርቆ ይሳተፋል፤ ኮምፒውተሩን ግን ተመራማሪው አይመርጥለትም።

በአካል መሳተፍም አልቀረም፤ በሮተርዳም የኢራስመስ የባህርይ ቤተ ሙከራ ተሳታፊዎችን ይቀበላል። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ክሪድ ደግሞ በምጣኔ ሀብት ውሳኔዎች ላይ ያተኩራል። በዚህ የሙከራ ዘርፍ ተሳታፊው በውሳኔው መጠን በእውነተኛ ገንዘብ ይከፈለዋል፣ ማታለልም ክልክል ነው። እንዲህ ያሉ ሙከራዎች የሚገነቡባቸው ሶፍትዌሮች፣ ዜድ-ትሪ እና ኦትሪ፣ የተለየ ችግር ይፈታሉ፤ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እርስ በርስ ያገናኛሉ።

በዘ ሄግ የሚገኘው የኔዘርላንድ የምርምር ምክር ቤት፣ ኤንደብልዩኦ፣ በ2016 ቀድሞ የተሠሩ ጥናቶችን ደግሞ ለመሥራት 3 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። በ2011 በቲልበርግ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዲዴሪክ ስታፕል የፈጠራ መረጃ ከተጋለጠ ወዲህ፣ «ደግመህ ሥራና አሳየኝ» የሚለው ጥያቄ ከባድ ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ የኦፕንሰሳሚ ፋይል ጥሩ ምስክር ነው፤ ሙሉ ሙከራው ከምስሉ እስከ ቅደም ተከተሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ያንኑ ፋይል ተቀብሎ ይከፍታል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይመርጥና «ቀይ»ን በአረንጓዴ ይጽፋል፤ ከዚያም ጓደኛውን ስክሪኑ ፊት ያስቀምጣል።