ስምምነት ተደረሰ፤ ሥራውን ማን ያስታውሰው?

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሶፍትዌር አንድ የታወቀ ድክመት አለው። ሐሳብ ይቀርባል፣ ክርክር ይደረጋል፣ «መልካም ነው፣ ይሠራ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ባለቤት ሳያገኝ ይቀራል። ደመወዝተኛን አለቃው ይጠይቀዋል፤ ፈተና የደረሰበትን በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ግን ማን ይጠይቀዋል? ሁለት ታላላቅ ፕሮጀክቶች፣ ሊኑክስና ፓይተን፣ ይህን ችግር እንዴት እንደተቋቋሙት እንመለከታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ያህል የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሥርዓት አልነበረውም። ማሻሻያዎች በኢሜይል ይላካሉ፤ ቶርቫልድስ የወደደውን ያስገባል፤ ያላስገባው ብዙውን ጊዜ ያለ መልስ ይቀራል። ላኪው ሥራው ውድቅ ተደርጎ ይሁን ወይም በደብዳቤ ክምር ሥር ተቀብሮ ስለማያውቅ ደጋግሞ ከመላክ በቀር ምርጫ አልነበረውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ እዚህ ግን ሁሉም በጽሑፍ ነበር፣ ሆኖም ይረሳ ነበር። ከዚህም በላይ ያልገባ ማሻሻያ እንዳለ አይቆይም። በዙሪያው ያለው ኮድ ስለሚለወጥ ከጥቂት ወራት በኋላ አልገጥም ይላል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች «ግማሽ ዕድሜ» ልንለው ይቃጣናል፤ የሚለካ ባለመሆኑ ግን ምሳሌውን እንተወዋለን።

በ2002 መጀመሪያ ቅሬታው ግልጽ ክርክር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቶርቫልድስ ቢትኪፐር የተባለውን የለውጥ መመዝገቢያ መጠቀም ጀመረ። የነጻ አጠቃቀም ፈቃዱ በ2005 ሲነሣ ደግሞ ጊትን ራሱ ጻፈ። ጊት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚያስታውሰው የተመዘገበለትን ኮድ ነው እንጂ ሰዎች የተስማሙበትን ሐሳብ አይደለም። በ2008 የተጀመረው ሊኑክስ ኔክስት ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። ለሚቀጥለው እትም የታጩ ለውጦች በየጊዜው በአንድነት እየተዋሐዱ ስለሚፈተሹ የማይገጥመው አስቀድሞ ይታወቃል።

ስምምነት ተደርሶበት ኮዱ ገና ላልተጻፈው ግን የፓይተን ዘዴ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ከ2000 ጀምሮ በቋንቋው ላይ የሚደረጉ ዐበይት ለውጦች ቁጥር ባለው «ፔፕ» በተባለ ሰነድ ይቀርባሉ። ሰነዱ ምን እንደሚለወጥ፣ ለምን እንደሚለወጥ፣ የተጣሉት አማራጮችም በምን ምክንያት እንደተጣሉ ያብራራል። በራስጌው ላይ የሚሠፍረው የሁኔታ መግለጫ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ «ተቀባይነት አግኝቷል» እና «ተጠናቋል» ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸውና። ኮዱ ተጽፎ በዋናው ምንጭ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የቋንቋ ለውጥ ተጠናቋል አይባልም። የሚሠራው ሰው ጠፍቶ ከቆመም «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ዘዴው በ2018 ተፈተነ። በአገላለጽ ውስጥ ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጠትን የሚፈቅደው ፔፕ 572 ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ሰነዱን በተቀበለ በቀናት ውስጥ፣ ጁላይ 12 ቀን፣ ከመጨረሻ ውሳኔ ሰጪነት ራሱን አገለለ። ውሳኔው ግን አብሮት አልሄደም። መሠራት ያለበት በዝርዝር ተጽፎ ስለነበር ሥራው ቀጠለ፤ በኦክቶበር 2019 በወጣው ፓይተን 3.8 ውስጥም ገባ። ፕሮጀክቱን ከዚያ ወዲያ አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት እንዲመራው የተወሰነውም በዚሁ ዓይነት ሰነድ፣ በፔፕ 8016፣ ነው።