ስለ ተሰኪ ፕሮግራሞች በይነ ገጽ አሠራር

በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚኖር ሰው ቧንቧውን ሲከፍት፥ ውኃው ከለገዳዲ ግድብ ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይምጣ አይጠይቅም። ድንበሩ ቆጣሪው ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ሥራ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፥ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ግድቡ ቢታደስ የቤት ቧንቧ አይለወጥም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይኽን የመሰለ ድንበር ነው፤ ይኸውም ሰርቨሮችንና የኮምፒዩተር መረቦችን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ውስጥ፥ በዋናው ክፍልና በተሰኪዎች መካከል ያለው በይነ ገጽ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ቴራፎርምን እንውሰድ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን በፋይል ይጽፋል፤ ዋናው ክፍል የተጻፈውን ካለው ሁኔታ ጋር አስተያይቶ የሥራውን ቅደም ተከተል ያወጣል። ነገር ግን ሰርቨር እንዴት እንደሚፈጠር አያውቅም። ይኽን የሚያውቀው ለየኩባንያው የተጻፈው ተሰኪ ነው፤ ስሙም ፕሮቫይደር ይባላል። በመጀመሪያ ተሰኪዎቹ ከዋናው ክፍል ጋር ተጠቃለው ይወጡ ስለ ነበር፥ የአንዱ ስሕተት ታርሞ እንዲወጣ የሁሉም አዲስ እትም ይጠበቅ ነበር። በ2017 ግን ተለያዩ።

በደንቡ መሠረት ተሰኪው በተለይ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

ሀ. የምታውቃቸው ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ጠባያቸውስ?
ለ. አሁን በእውነት ያለው ሁኔታ ምንድን ነው?
ሐ. ይኽ ትእዛዝ ቢፈጸም ምን ይለወጣል?
መ. እንግዲያው ፈጽመው።

ከእነዚህ ከባዱ ሦስተኛው ነው። ተሰኪው ምንም ሳይነካ የሚሆነውን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ በኋላም የሠራው ከተናገረው ጋር መስማማት አለበት። ሰርቨሩ እስኪፈጠር የማይታወቅ ነገር ቢኖር፥ ለምሳሌ አድራሻው፥ በግምት ከመሙላት ይልቅ «ገና አልታወቀም» ብሎ መመለስ ይገባዋል። ተጠቃሚው ዕቅዱን አንብቦ የሚፈቅደው በዚህ ቃል ታምኖ ነውና።

እዚህ ላይ የቧንቧው ምሳሌ ያበቃል። ውኃ ከየትም ቢመጣ ውኃ ነው፤ የአንዱ ኩባንያ ሰርቨር ግን ከሌላው ጋር በጠባዩ ይለያል። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈው ፋይል እንዳለ ለሌላው አይሆንም። አንድ የሚሆነው የአሠራሩ ሥርዓት ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እንጦጦን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ ፈረንጆች «ዩካሊፕተስ» ይሉታል፤ በዚሁ ስም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች የጀመሩት ፕሮግራም በ2008 ወጥቷል። ፕሮግራሙ የአማዞንን በይነ ገጽ እንዳለ ስለ ተቀበለ፥ ለአማዞን የተሠራ መሣሪያ በራስ ኮምፒዩተሮችም ላይ እንዲሠራ አስችሏል። ይኹን እንጂ የሌላውን ደንብ የወሰደ ሰው ደንቡ በተለወጠ ቊጥር መከተል ግዴታው ነው።

በይነ ገጹ ተጽፎ፥ የእትም ቊጥር ተሰጥቶት ለሁሉ ክፍት ሲሆን ጥቅሙ በ2023 ታይቷል። በዚያ ዓመት የቴራፎርም ባለቤት የሆነው ኩባንያ የፈቃዱን ውል ለወጠ፤ ሌሎችም ከቀድሞው ጽሑፍ ኦፕንቶፉ የተባለውን አወጡ። ደንቡ አንድ ስለ ነበረ አስቀድመው የተጻፉት ተሰኪዎች ለሁለቱም አገለገሉ፤ የጸሐፊዎቹም ድካም ከንቱ አልቀረም።

ለአገራችን ተማሪ ይኽ ቀላል ነገር አይደለም። በውጭ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሌለ የአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ማእከል ቢኖር፥ ደንቡን ያነበበ ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ተሰኪውን ሊጽፍለት ይችላል።