ፋይል ሲለወጥ ማን ይንገረን?

ሊኑክስ የፋይል ለውጥን ለፕሮግራሞች የሚያሳውቀውን ኢኖቲፋይን በከርነል 2.6.13 ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ነበር፤ 20 ዓመት አለፈው። ዛሬም በሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያመሳስሉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው እሱን ይጠቀማሉ። ቀዳሚው ዲኖቲፋይ ፎልደሩን ከፍቶ ስለሚይዝ ፍላሽ እንኳ በሰላም መንቀል አያስችልም ነበር። የፍሪቢኤስዲው ኬኪው ደግሞ የሚከታተለውን እያንዳንዱን ፋይል መክፈት ይጠይቃል፤ ለብዙ ፋይል አልመክረውም።

ኢኖቲፋይም ጉድለት አለው። ንዑስ ፎልደሮችን በራሱ አይከታተልም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ምዝገባ ያስፈልጋል። ለዓመታት የአንድ ተጠቃሚ ጣሪያ 8192 ምዝገባ ነበር። ጣሪያው ሲሞላ የሚመጣው መልእክት ዲስኩ ሞልቷል የሚል ስለሆነ፣ ብዙ ባለሙያ ባዶ ቦታ ባለው ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰርዝ ውሏል። ከርነል 5.11 በ2021 ጣሪያውን ከሜሞሪው መጠን ጋር አያይዞ ከፍ አደረገው። ሌላው የሊኑክስ አሳዋቂ ፋኖቲፋይ አንድን ፋይል ሲስተም በሙሉ መከታተል ይችላል፤ ግን የአድሚን ሥልጣን ይፈልጋል፣ የፋይል መፈጠርንና መሰረዝን መናገር የጀመረውም በ2019 ነው።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መብራት ሲሄድ ማን ያስታውሳል? መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ደንበኛ የሚያስተናግድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እናስብ። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን ሴቭ እንዳደረገች መብራት ይጠፋል። ኢኖቲፋይም ፋኖቲፋይም ወረፋቸውን የሚይዙት በሜሞሪ ስለሆነ ያልተነበበው ማስታወቂያ አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳም፣ የባክአፕ ፕሮግራሙ ሥራ እስኪጀምር የተለወጠውን የሚነግረው የለም። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለው የዩኤስኤን ጆርናል ግን ለውጡን ተራ ቁጥር ሰጥቶ ዲስክ ላይ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙ ተመልሶ «ከዚህ ቁጥር ወዲህ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የማኩ ኤፍኤስኢቨንትስም ከ2007 ጀምሮ ተመሳሳይ መዝገብ ይይዛል። የዊንዶውሱ ጆርናል መጠኑ የተወሰነ ነው፤ አሮጌው እየተቆረጠ ይወጣል። ቢሆንም የፈለጉት ቁጥር መቆረጡን በግልጽ ይናገራል፤ ያኔ ሁሉንም እንደ አዲስ መፈተሽ ነው።

በትግራይ ጦርነት ዓመታት ኢንተርኔት ተቋርጦባት በቆየችው መቐለ፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ቅጂ ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ የባክአፕ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ጆርናሉን ይምረጥ። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ደግሞ ኢኖቲፋይን ይጠቀም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የፋይሎቹን መጠንና የተለወጡበትን ሰዓት አንድ በአንድ ያመሳክር።