ጥቁር አዝሙድ ዘይት፦ ፊት ከመቀባቱ በፊት ክንድ ይፈተን

የጅዳ አሮጌ ከተማ አል-በለድ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረችው «የመካ በር» ከሚል መጠሪያ ጋር ነው። ባብ መካ በሚባለው ምሥራቃዊ በሯ ሑጃጆች ለዘመናት ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ሲጓዙ ኖረዋል። በዚሁ አካባቢ ባሉት የቅመማ ቅመም ሱቆች ጥቁር አዝሙድ ከነዘይቱ ይሸጣል። ዐረቦች «ሐበቱ ሰውዳ» የሚሉት ይህ ፍሬ፣ ኢትዮጵያዊት እናት ለዳቦና ለበርበሬ የምታዘጋጀው ያው ቅመም ነው። ነጋዴዎችም በሳዑዲ ዓረቢያ ቀሲም ክልል የበቀለውን «ቀሲሚ»፣ ከኢትዮጵያ የመጣውን ደግሞ «ሐበሺ» እያሉ ይለዩታል።

በጅዳና በመካ በቤት ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት ይህን ዘይት የሚሹበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀን እጃቸው ከሳሙናና ከበረኪና አይወጣም፤ ሌሊት ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ደረቅ ነፋስ ቆዳቸውን ያደርቀዋል። የተሰነጠቀ እጅና የደረቀ ፊት ይዞ ወደ ገበያ የሄደ ሰው፣ የአገሩን ቅመም በጠርሙስ ሲያገኝ ደስ ቢለው አያስገርምም።

ሙስሊሞች ለጥቁር አዝሙድ ልዩ ክብር አላቸው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ፈዋሽነቱ የተናገሩት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ተዘግቧል። ይሁን እንጂ የቡኻሪን ስብስብ ያብራሩትና በ852 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ፣ ፍሬው ለሁሉም ሕመም በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይወሰድ ገልጸዋል። አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሲያሻም ተበልቶ፣ ተጠጥቶ ወይም ከውጭ ተለጥፎ ያገለግላል። እንግዲህ የፍሬው ክብር የአጠቃቀሙን ጥንቃቄ አያስቀርም።

የዘይቱ ይዘትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትልቁ ክፍሉ ለቆዳ የላይኛው ሽፋን ጠቃሚ የሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ጠንካራ ሽታ ያለውና የሚያቃጥለው ክፍሉ ደግሞ ታይሞኪኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዟል። ብዙ ሰዎች ዘይቱን ያለ ችግር ይቀባሉ፤ ሆኖም ንጹሑን ዘይት ተቀብተው ቆዳቸው የተቆጣ፣ ያሳከካቸውና ውኃ የቋጠረባቸው ሰዎች ጉዳይ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል።

ይህ ጉዳይ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ይበልጥ ይከብዳል። ቆዳው ከተቆጣ በኋላ ሕመሙ በቀናት ውስጥ ቢያልፍም፣ የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ፊቷን ለማሳመር የተነሳች ሴት በጥቂት ቀናት ስህተት ያልነበረባትን ጠባሳ ልታተርፍ ትችላለች።

ስለዚህ የቆዳ ሐኪሞች አዲስ ቅባትን በቅድሚያ በትንሽ ቦታ ላይ መሞከርን ይመክራሉ። በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት መቀባት በቂ ነው። ቦታው ካልቀላ፣ ካላሳከከና ካላበጠ ወደ ፊት መሻገር ይቻላል። መቆጣት ከታየ በውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማቆም፣ ካልተሻለም ሐኪም ማማከር ይገባል። ዘይቱን ለብቻው ከመቀባት በሱፍ ዘይት ማቅጠን የተሻለ ሲሆን፣ የሚቀባውም ከታጠቡ በኋላ ቆዳው እርጥበቱን ሳያጣ ነው። ወዛምና ብጉር የሚያወጣ ፊት ያለው ሰው ግን ዘይት ባያበዛ ይመረጣል። ጠርሙሱ ከብርሃንና ከሙቀት ካልተጠበቀ ዘይቱ ይበላሻል፤ ሽታው የተለወጠ ዘይትም ለፊት አይሆንም።

ለማቅጠኛ የወይራ ዘይት የሚመርጡም አሉ። የወይራ ዘይት በሃይማኖትም በምግብም የተወደደ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ለሳምንታት የተቀቡት አዋቂዎች የቆዳቸው መከላከያ ሽፋን እንደተዳከመ አሳይቷል። በዚያው ጥናት የሱፍ ዘይት ሽፋኑን ሳይጎዳ የቆዳውን እርጥበት አሻሽሏል።

ዘይት የማይሠራቸው ሥራዎችም አሉ። ከፀሐይ አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሐጅ ወቅት በመካ ታላቁ መስጂድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን የሚያስፈልገው ጃንጥላ፣ ጥላ፣ ውኃና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ዘይት ቆዳንም አያቀላም። «ያቀላል» ተብለው ያለ ስያሜ ወረቀት ከሚሸጡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ይዘው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት የተነሳው ይህን መርዝ ከውበት መጠበቂያዎች ለማስወገድም ጭምር ነው። በመሆኑም የአምራቹ ስም፣ ይዘቱና ጊዜው የተጻፈበትን ዕቃ መግዛት ይገባል።

ከጅዳ ተነስቶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መካ ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሚሄድ ሰው ሌላም የሚያስበው ነገር አለ። የጅዳ ነዋሪ ኢሕራም የሚገባው ከመኖሪያው ስለሆነ፣ የቅባቱ ጉዳይ ከቤት ሳይወጣ ሊታሰብበት ይገባል። በኢሕራም ውስጥ ሽቶ መቀባት ክልክል ነው፤ ጽጌረዳ፣ ዑድ ወይም ዐንበር የተቀላቀለበት ዘይትም እንደ ሽቶ ይቆጠራል። ሽቶ የሌለውን ዘይት በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ። ለምሳሌ በሻፊዒይ መዝሀብ ራስንና ጺምን ዘይት መቀባት አይፈቀድም፤ በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ግን ይፈቀዳል። ሌሎች መዝሀቦች ከዚህ የጠበቀም የላላም ብይን ስላላቸው፣ ተጓዡ የራሱን መዝሀብ ዐዋቂ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይመረጣል። በረጅም መንገድ ጭኑ ለሚፋተግበት ሰውም ሽታ የሌለው ቫዝሊን ከብዙ ሥቃይ ያድነዋል።

የኢሕራም ወቅት አዲስ ቅባት የሚሞከርበት ጊዜ አይደለም። ሙከራው ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ በቤት ውስጥ፣ በክንድ ላይ ይጀመር። በእነዚያ ቀናት የተቆጣ ቆዳ ለመዳን ጊዜ ያገኛል፤ ያልተቆጣም ከሆነ ባለቤቱ የሚስማማውን አውቆ ይጓዛል።