ተጨማሪ መረጃ፦ ከግቢ በር ፊት ያለው ፉካ

በኮልፌ ቀራኒዮ ተዳፋታማ ሰፈሮች የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ የመንገድ ዳር ቦይ ወዲያው ይሞላል። መኪና ግቢ እንዲገባ ብሎ ቦዩን በአፈር መድፈን ጎርፉን ወደ ጎረቤት መስደድ ነው። መፍትሔው ውሃው ከሥር፣ መኪናው ከላይ የሚያልፍበት ፉካ ነው።

የቦዩ ወለል ይጠቀጠቃል፤ የኮንክሪት ቱቦው በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይዘረጋል፤ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ይደፈናል። አፈሩ በግራና በቀኝ እኩል፣ በስሱ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሁለቱም አፎች ጎርፍ እንዳይሸረሽራቸው በድንጋይ ይገነባሉ።

አስተውሉ፦ የ60 ሴንቲሜትር ቱቦ አፍ ከ30ው በ4 እጥፍ ይሰፋል። ጠባቡን ግን ጥቂት ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ አፉን እንጥረግ፤ የጎረቤትን ቤትም ከጎርፍ እናድናለን።